የመብረቅ እጅ

የማዋለጃ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሐኪም እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አለው፤ ከመታወቂያው በስተቀር ግን የሚጠቀምበት የለም። ሁሉም መብረቅ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፣ በልቡ ግን እንደ ሹመት ይዞታል። ሌላው ሐኪም ጓንቱን አጥልቆ ጣቶቹን እስኪያስተካክል መብረቅ ሆድ ከፍቶ ልጅ አውጥቷል ይሉለታል። ይሄ ማጋነን ነው። ሚስቱ ገባች ሲባል ደንግጦ ወደ ሽንት ቤት የሮጠ አንድ አባት ግን ሲመለስ ልጁን በፎጣ ጠቅልለው ጠብቀውታል፤ ሰውየው የሌላ ሰው ልጅ የሰጡት መስሎት ልጁ ጥርስ እስኪያበቅል ድረስ በጥርጣሬ ሲያየው ኖሯል።

መብረቅ የማይለወጥ ልማድ ነበረው። ልጁ እንደወጣ ፊቱን እንኳ ሳያይ ለአዋላጇ ያቀብላል። አዋላጇ «ወንድ» ወይም «ሴት» ብላ ሳትጨርስ ቀኝ እጁ ተመልሶ ማህፀኑ ውስጥ ነው። የእንግዴ ልጁን ከግድግዳው ያላቅቅና «አንተም ውጣ፣ ቤቱ ሊዘጋ ነው» እያለ ሳህን ላይ ይጥለዋል። መሣሪያ የምታቀብለው አንጋፋ ነርስ፣ በቁጣዋ ምክንያት ሳጅን የምትባለው፣ ቀልዱን ከመስማት ብዛት እንደ ደወል ትጠቀምበታለች፤ «አንተም» ሲል ሳህኑን ታስጠጋለች፣ «ቤቱ» ሲል መስፊያውን ታቀብላለች። ከበሽተኛዋ ራስጌ የሚቀመጠው የማደንዘዣ ሐኪም የመብረቅ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ሥራው ሰው ማስተኛት፣ ቁመናውም ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ትራስ ይሉታል። ለቀልዱ አንድ ቀን ስቆ አያውቅም። እንደ መብረቅ ቀልድ የሚያስተኛ መድኃኒት ቢኖረው ኖሮ ሥራው ይቀልለት እንደነበር ይናገራል።

በዚህ ልማድ ላይ አንዲት ሰው ብቻ አንገራግራ ታውቃለች። ያኔ ተማሪ ነበረች። በራሷ እጅ እንድትሠራ የተፈቀደላት ቀን ልጁን ካወጣች በኋላ እትብቱን በቀስታ ወጠር አድርጋ ይዛ ቆመች። መብረቅ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቃት። የእንግዴ ልጁ ጊዜ ከተሰጠው ራሱ ተላቅቆ ይመጣል፣ በእጅ ከመፈልቀቅ ይልቅ ደሙም ያንሳል ብላ መለሰች። «አውቶቡስ ነው እንዴ የምትጠብቂው?» አለና ቀንድ አውጣ የሚል ስም አወጣላት። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ቀንድ አውጣ ሌላ ቦታ ሄዳ፣ የእንግዴ ልጅ የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ ዓመታት ፈጅታ ተምራ፣ ለዚሁ ሥራ ኃላፊ ሆና ስትመለስ ስሙ በር ላይ ጠበቃት፤ የጥበቃ ሠራተኛው ራሱ «እንኳን ደህና መጡ ዶክተር ቀንድ አውጣ» አላት፣ ሰውየው የአባቷ ስም መስሎት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በሾፌሯ በኩል ነው።

ሾፌሯ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። ድምፅዋ ያለ ማጉያ የኋላ ወንበር ይደርሳል። ሦስት ልጆቿን ያወጣው መብረቅ ነው፤ የመጀመሪያው አግድም ተኝቶ አልዞርም ስላለ፣ ሁለተኛዋ የፊተኛው ስፌት ስላሰጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ ምክንያት። በመጀመሪያው ልጅ እርስዎ ትለው ነበር። በሁለተኛዋ አንተና እርስዎ ተምታታባት። በሦስተኛው ሆዴን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ያየ ሰው ባዳ አይደለም ብላ ጨርሳ ወደ አንተ ወረደች። አራተኛውን አርግዛ ሆዷ ገፋ ሲል፣ ምንም ሳያማት ደም ጠብ አለባት። መሪውን ለሌላ ሾፌር አስረክባ መጣች።

ቀንድ አውጣ በጨለማው የአልትራሳውንድ ክፍል አስተኝታት ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ መብረቅን አስጠራችው። መብረቅ ገብቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ስክሪኑ ላይ በማህፀንና በሽንት ፊኛ መካከል አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር መታየት ነበረባት። መስመሯ ትጀምርና ትጠፋለች፣ ትጀምርና ትጠፋለች። የእንግዴ ልጁ ከታች፣ የማህፀኑ በር ላይ ተዘርፍጦ ተቀምጧል። ውስጡም ደም የሚንቆረቆርባቸው ጉድጓዶች ሞልተውት አሮጌ ስፖንጅ መስሏል።

«ጠባሳው የኔ ነው» አለ መብረቅ።

ስፌቱስ ያምራል አለችው ቀንድ አውጣ፤ ችግሩ ግን የስፌቱ ማማርና አለማማር አይደለም። ሦስቱም ጊዜ መቆረጥ የነበረበት ነው። የእንግዴ ልጅ ግን ጠባሳ ላይ ሲያርፍ አንዳንዴ ልኩን ያልፋል፣ ግድግዳው ላይ መለጠፉን ትቶ ሥር ይሰዳል። የለጠፉት ነገር ይላቀቃል። ሥር የሰደደውን የጎተተ ሰው ግን ግድግዳውንም ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደም በፎጣ የሚመለስ አይደለም። ይህን ሁሉ የተናገረችው በዝግታ፣ በየመሃሉ እያረፈች ነው። መብረቅ ዓረፍተ ነገሩን እሱ ሊጨርስላት ሁለቴ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ሾፌሯ ተነስታ ተቀመጠችና ቋንቋውን ትተው ነገሩን እንዲነግሯት ጠየቀች። ቀንድ አውጣ ነገረቻት። ምጥ ሳይጀምራት፣ ቀን ቆርጠው፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ ሁሉም ሰው በቦታው ሆኖ ይሠራሉ። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሉ ውስጥ ትተኛለች፣ ደሟን የሚጨምር መድኃኒት ትወስዳለች። ልጁን ከላይ በኩል፣ ከእንግዴ ልጁ ርቀው ቆርጠው ያወጡታል። እትብቱን ያስራሉ።

«የእንግዴ ልጁን ግን ማንም አይነካውም» አለች። «ማህፀኑን እላዩ ላይ እንሰፋና ሁለቱንም አንድ ላይ እናወጣቸዋለን።» ማንም ስትል የመብረቅን ኪስ ነበር የምታየው።

ሾፌሯ ጫማዋን አየች። ከዚያ አራት ካሳደገች በኋላ ጋራዡ ምን ያደርግላታል፣ ይዘጋ አለች። ወደ ቤቷ ትመለስ እንደሆነ ጠየቀች። ቀንድ አውጣ በሐኪም ቋንቋ መለሰችላት። ሾፌሯ መልሳ ያንኑ ጠየቀች።

«ካልነካነው፣ ትመለሻለሽ ብዬ አስባለሁ» አለቻት ቀንድ አውጣ። «የማስበውን ነው የምነግርሽ፤ መማል አልችልም።»

ሾፌሯ በዚህ ተስማማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መብረቅ ይኑር። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶበታል። ቀንድ አውጣም ሐሳቡን አልጠላችውም። ሦስት ጊዜ የተሰፋ ሆድ ውስጥ ምኑ ከምኑ እንደተጣበቀ አይታወቅም፣ ያንን እያላቀቀ ልጁ ድረስ በመግባት ከመብረቅ የሚሻል የለም። የሚያስፈራት የመግባቱ ነገር አይደለም። የሚያስፈራት ከገባ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ እንለማመዳለን አለች።

መብረቅ ልምምድ የሚያደርጉት ሙዚቀኞች ናቸው ብሎ ሳቀ። ትራስም ስሞታ አቀረበ፣ ባዶ ራስጌ ላይ ተቀምጦ ማንን ሊያስተኛ እንደሆነ ጠየቀ። ቀንድ አውጣ ግን የሾፌሯን ባል አግኝታ ነበር። ባልየው ሶፋ ሠሪ ነው። የሚስቱ ድምፅ ለሁለቱም ስለሚበቃ እሱ ብዙ አይናገርም። የሚያስፈልጋትን ስትነግረው ስንት ቀን ትሰጪኛለሽ ብቻ አላት። ከዚያ ከቡናማ የሶፋ ቆዳ አንድ ሆድ ሠርቶ አመጣ። ውስጡ በቀጭን ጨርቅ የተለበጠ ማህፀን አለ፤ ማህፀኑ ውስጥ የሴት ልጁ አሻንጉሊት ተቀምጣለች፤ ከአሻንጉሊቷ እምብርት በወጣ ገመድ ጫፍ የእንግዴ ልጁ፣ ማለትም አንድ ቁራጭ ስፖንጅ፣ ከግድግዳው ጋር በሙጫ ተጣብቋል። ለወንበር መቀመጫ በሚጠቀምበት ሙጫ ነው ያጣበቀው። ሰው ሲቀመጥበት ዓመታት የሚቆይ ሙጫ ነው አለ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ።

ባዶው ጠረጴዛ ላይ ሆዱን አስቀምጠው ቆሙ። ሁሉም ጋውን ለብሷል፣ ሁሉም ቦታውን ይዟል። መብረቅ እየሳቀ ቆዳውን ከፈተ፣ እንደተባለውም ከላይ በኩል ቆረጠ፣ አሻንጉሊቷን አውጥቶ ለአዋላጇ አቀበለ። እስከዚህ ድረስ የሚያስጨበጭብ ሥራ ነበር። አዋላጇ ለቀልድ «ሴት» ማለት ስትጀምር ቀኝ እጁ ሄደ።

«አንተም ውጣ» አለ መብረቅ።

ስፖንጁ ብቻውን አልመጣም። ሽፋን ጨርቁም፣ ከጨርቁ ጀርባ ያለው ቆዳም ተቀድዶ አብሮት መጣ። መብረቅ እጁ ላይ የተንጠለጠለውን አየ። ሳጅን ደግሞ ሳህኑን ዘርግታ ቆማ ነበር፤ ማንም አምጪ ሳይላት። ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ሳህኑን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«ሞተች» አለ ትራስ ከባዶው ራስጌ።

ማንም አልሳቀም። ቀንድ አውጣ አልተቆጣችም፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳህኑ እዚህ ክፍል አይገባም ብቻ አለች። ሆዱን ይዛ ወጣች። ሶፋ ሠሪው ኮሪደሩ ላይ መርፌና ሙጫውን ይዞ ተቀምጦ ነበርና ሰፍቶ፣ አጣብቆ መለሰላት።

በሁለተኛው ሙከራ መብረቅ ቀልዱን ዋጠው። እጁ ግን ቀልድ አያስፈልገውም ነበር፣ ብቻውን ሄዶ ቀደደው። ሶፋ ሠሪው እንደገና ሰፋ። በሦስተኛው ሙከራ መብረቅ ከቀኝ እጁ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ወንድሙን እንደሚሰልል ሰው እያየው ሠራ። ቀኝ እጁ አልተነቃነቀም። የገባው ግራው ነው። ሳጅን ሳህን ባይኖራትም መዳፏን ዘርግታ ተገኘች። ትራስ ይህቺ ሴት ከመምጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ ቀብረናት ጨረስን አለ። መብረቅ ወፍራም አህያ ብሎ ሰደበው፤ ትራስ ይሄ ስድብ ከተማሪነታቸው ጊዜ ጀምሮ እንዳልተሻሻለ ነገረው።

በዚህ ጊዜ ሆዱን ይዞ የወጣው ራሱ መብረቅ ነበር። ሶፋ ሠሪው ከወንበሩ ተነሳ። የተቀደደውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ጣቱን በቀዳዳው አሳልፎ አየው፣ መርፌውን ግን አላወጣም።

«ዶክተር» አለ፣ «ስፖንጁ አልቆብኛል።» ጨመረበትም፤ «ሌላ ሚስትም የለኝም።»

መብረቅ ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ጥሩ እጆች ናቸው። ስንትና ስንት ሴት እነሱ ባይኖሩ ኖሮ አትኖርም ነበር። ያስቸገሩት ባለመታዘዝ አይደለም፤ ለዓመታት ያስተማራቸውን አንድም ሳይረሱ እየሠሩ ነው። ልቀቅ፣ ግባ፣ አላቅቅ፣ ጣል። መሃል ላይ ቁም የሚል ትእዛዝ አስተምሯቸው አያውቅም፤ አሁን በጥቂት ቀን ላስተምራቸው ቢል እንደማይሰሙት አይቷል። ልቀቅ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ቆመ። እጆቹ የሚሄዱት ልጁን ስለሚለቁ ነው።

ቀንድ አውጣ ክፍል ሄዶ ቆሞ ነገራት። ልጁን ለማንም አላቀብልም አላት። ራሴ ታቅፌ ከጠረጴዛው እርቃለሁ፤ እናትየው ራስጌ ሄጄ አሳያታለሁ፤ ሁለቱም እጆቼ ልጁን ይዘው እስካሉ ድረስ የትም አይገቡም። እስክመለስ አንቺ እትብቱን አስረሽ ማህፀኑን ትሰፊያለሽ። ቀንድ አውጣ እንደ ልማዷ በየመሃሉ እያረፈች ጠየቀችው። መብረቅ በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርስላት አልሞከረም።

«በሥራ መሃል ከጠረጴዛ ርቀው ያውቃሉ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«እንግዲህ መራመዱንም እንለማመድ።»

ተለማመዱ። ትራስ ጎልማሳ ሐኪም አሻንጉሊት ታቅፎ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲንጎራደድ ማየት ጡረታዬን ያስመኘኛል አለ፣ ግን ከራስጌው በኩል መንገዱን የሚዘጋውን ወንበር ራሱ ገፍቶ አነሳው። ሶፋ ሠሪው ከየት እንዳገኘ አይታወቅም ስፖንጅ አግኝቶ ነበር። በመጨረሻው ልምምድ ሆዱ ሳይቀደድ ተመለሰለት። ተቀብሎ ብብቱ ሥር ያዘው፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሰጠም።

ቀኑ ደረሰ። ከደም ባንክ ደም የሞላ ሳጥን መጣ፤ ያመጣው ሠራተኛ ጦርነት ሊነሳ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ፣ ሳጅን እንዳይነሳ ነው ብላ አባረረችው። ደም እንዳይፈስ የሚያግዘው መድኃኒት በመርፌ ተቀድቶ ተዘጋጀ። ሳህኑ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣ በር ሥር ተቀመጠ። ትራስ የሾፌሯን ወገብ ወግቶ ከደረቷ በታች አደነዘዛት፤ ልጇን አይታ ከዚያ ሙሉ ለሙሉ ያስተኛታል፣ ስምምነቱ እንደዚያ ነው። ሾፌሯ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አይታያትም። አፏ ግን አልደነዘዘም።

ባሏ ብዙ አይናገርም ቢባልም ለሚስቱ ይናገራል። የተቀደደውን ሁሉ ነግሯታል።

«መብረቅ» አለች መቁረጥ ከመጀመራቸው በፊት፣ «የእጅህን ነገር ሰምቻለሁ። ልጄን ስታመጣልኝ ሁለቱንም አያቸዋለሁ።»

መብረቅ እሺ አለ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ለበሽተኛ እሺ ሲል ሳጅን ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ስለነበር ቀና ብላ አየችው።

ቆረጠ። በዚህ ጊዜ ቁርጡ የቆየውን የታች ጠባሳ ትቶ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የተጣበቀውን አላቀቀ፤ አንጀቱን ከማህፀኑ፣ ማህፀኑን ከሆዱ ግድግዳ እየለየ ገባ። ቀንድ አውጣ እጁን ታያለች፤ ለማስተማሪያ የሚሆን እጅ ነበር። የማህፀኑ የታችኛው ክፍል ሲገለጥ ሁለቱም ቆም አሉ። ሐምራዊ ሆኖ አብጧል፣ እንደ ጣት የወፈሩ የደም ሥሮች ፊኛው ላይ ተጠላልፈው ይተራመሱበታል። ማንም እዚያ አልደረሰም። ቀንድ አውጣ ከላይ፣ የእንግዴ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ በጣቷ አመለከተች። መብረቅ እዚያ ቆረጠ፣ እጁን አስገባ፣ የልጁን እግሮች አገኘ፣ አወጣው።

ልጁ እንደወጣ ጮኸ። ቀንድ አውጣ እትብቱን አስራ ቆረጠችው። የመብረቅ እጆች ልጁን ሊያቀብሉ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፤ አዋላጇ ግን እንደተነገራት ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ነበር። መብረቅ ልጁን በንጹሕ ጨርቅ ደረቱ ላይ አቅፎ ዞረ። ያን ሁሉ ዓመት ሲሠራ በቀዶ ጥገና መሃል ለጠረጴዛው ጀርባውን የሰጠው ያን ቀን ነው። ወለሉ እንደ ሌላ ሰው ቤት እንግዳ ሆነበት። ትራስ መጋረጃውን ዝቅ አድርጎ ጠበቀው።

ሾፌሯ ልጁን አየችው። እንደ ወንድሙ አፍንጫው ትልቅ ነው አለች። ከዚያ ዓይኗ ከልጁ ሥር ወደ ታች ሄደ።

«እጅህን።»

መብረቅ ልጁን ትንሽ ከፍ አደረገው። አንዱ እጁ ከአንገቱ ሥር፣ አንዱ ከመቀመጫው ሥር ነው።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«በሉ እንግዲህ አስተኙኝ» አለች ለትራስ፤ ትራስም አስተኛት።

ልክ በዚያ ጊዜ ከመብረቅ ጀርባ ድምፁ ተለወጠ። ደም የሚመጥጠው ቱቦ እስከዚያ ድረስ ቀስ እያለ ያንጎራጉር ነበር፤ አሁን ያለማቋረጥ መማግ ጀመረ። የእንግዴ ልጁ አንድ ጠርዝ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ነበር። መብረቅ ዞሮ ሳያይ አወቀው። መላ አካሉ የሚያውቀው መልስም አንድ ነው፤ ከዚያ ሲደማ ግባ፣ አውጣው፣ ማህፀኑ ይጨመቃል፣ ደሙ ይቆማል። ሠርቶለት ያውቃል፣ ሁልጊዜም ሠርቶለታል። እዚህች ሴት ላይ ግን ያ መልስ መግደያ እንደሆነ በሶፋ ስፖንጅ ሦስት ጊዜ ተነግሮታል። ጣቶቹ ልጁ ላይ ጠበቁ። ልጁ ተቀየመ። የመቀየሙንም ምልክት ሰጠ፣ ሞቅ ያለ ነገር የመብረቅን ደረት፣ ከዚያም ክንዱን እያጠበ ወረደ።

ቀንድ አውጣ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በመዳፏ ጠርዙ ላይ ከማህፀኑ ውጪ ተጭና ይዛ፣ በሌላ እጇ መስፊያውን ጠየቀች። ሳጅን አቀበለቻት። የመጀመሪያውን ስፌት ጣለች። ሁለተኛውን። እንዲህ የዘገየ ስፌት መብረቅ አይቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ አንዱም ተመልሶ የሚሠራ አልነበረም። ትራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱን ትቶ ደም ሰቀለ፣ የግፊቱን ቁጥር በየጊዜው ጮክ ብሎ ነገራቸው።

መብረቅ ልጁን አሁን ለአዋላጇ ሰጠ። እጆቹ ባዶ ሆኑ። አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ተራመደ።

«ሸንቶብሃል» አለችው ሳጅን ዞር ሳትል። «ውጣና ታጥበህ ግባ።»

እውነቷን ነበር፤ በሽንት የረጠበ ጋውን ለብሶ የተከፈተ ሆድ አጠገብ የሚደርስ የለም። መብረቅ ወጣ። ቧንቧው ሥር ቆሞ እጆቹን ሲፈትግ በመስታወቱ በኩል የቀንድ አውጣን ጀርባ ያያል። ጀርባዋ አይቸኩልም። ሳሙናውን አጥቦ እንደገና ሳሙና ያዘ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደፈተጋቸው ራሱም አላወቀ። ኮሪደሩ ላይ ሶፋ ሠሪው ቡናማውን ሆድ በብብቱ ይዞ ቆሟል። በበሩ ክፍተት ተያዩ። መብረቅ ሊል ከሚችለው ሁሉ አንዷን ብቻ አለ።

«አልነካሁትም።»

ሶፋ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎ መጠየቁ ትዝ ያለው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

መብረቅ አዲስ ጋውንና ጓንት ለብሶ ሲገባ ቱቦው ወደ ማንጎራጎሩ ተመልሶ ነበር። ማህፀኑ የእንግዴ ልጁን ውስጡ እንደያዘ ተሰፍቷል። ቀንድ አውጣ ወደ ማህፀኑ የሚሄዱትን የደም ሥሮች አንድ በአንድ ማሰር ጀምራለች።

«ምን ላድርግ?» አለ መብረቅ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ሲጠይቁት እንጂ ሲጠይቅ የሰማው የለም።

ቀንድ አውጣ ቁስሉን ገልጦ የሚይዘውን ጠፍጣፋ ብረት እጀታ ሰጠችው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚይዘው ብረት ነው።

«ይሄን ያዙልኝ ዶክተር። አይነቅንቁት።»

ያዘ። ሥራው ረጅም ነበር፤ ፊኛውን ከማህፀኑ መለየት ብቻውን የመብረቅን የግማሽ ቀን ሥራ ያህል ፈጀ። ክንዱ ዛለ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የራሱ መሆኑ ቀረ። አንዴ ብረቱ ትንሽ ወደ ቁስሉ ውስጥ ሲሳብ ሳጅን በክርኗ ጎሸመችው። ትራስ በመጨረሻ፣ ግፊቱ ጥሩ ነው ካለ በኋላ፣ ጓደኛውን ከላይ እስከ ታች አየና መብረቅ ዛሬ ቋሚ መብራት ሆኗል አለ። ማህፀኑ ከነእንግዴ ልጁ ወጣ። ሳህን የለም፤ ሳጅን በትልቅ ጨርቅ ተቀበለችው። ከደም ባንክ የመጣው ሳጥን አብዛኛው ሳይነካ ሲመለስ ያ ሠራተኛ እንዲህ አሸክማችሁኝ ለዚህ ነው ብሎ አኮረፈ።

ሾፌሯ ወደ ማታ ላይ ነቃች። በመተንፈሻ ቱቦው ጉሮሮዋ ቆስሎ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ትራስ ይሄን እንደ ትልቅ የሕክምና ውጤት ሲያወራው ሰነበተ። መብረቅ ሊጠይቃት ሲገባ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ አለችው በሹክሹክታ፤ በፊት በፊት ይህን ለተሳፋሪ እየነገረች ትኮራበት ነበርና። መብረቅ እኔ ብረት ይዤ ነው የዋልኩት አላት። ሾፌሯ ይህን አሰላሰለችው። በር የሚይዝ ረዳት ከሌለው አውቶቡስ አይነሳም ብላ አጽናናችውና እንድስቅ አታድርገኝ፣ ስፌቴ ያመኛል አለች፤ እሱ ግን ያሳቃት አልነበረም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ሶፋ ሠሪው ልጁን በአንድ እጁ፣ ቡናማውን ሆድ በሌላው ይዞ ወጣ። ቀንድ አውጣ ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲተውላት ጠይቃው ነበር። ሌላ እሠራልሻለሁ፣ ይሄኛውን ግን አልሰጥም አላት።

ከዚያ በኋላ በነበረው የሥራ ቀን መብረቅ አንዲት ጤነኛ ሴት፣ ምንም ጣጣ የሌለው ማህፀን ገጠመው። ቆረጠ፣ እንደ ወትሮው መብረቅ ሆኖ ልጁን አወጣ። ልጁን ከማቀበሉ በፊት ግን ፊቱን አየው፤ አዋላጇ ምነው፣ ችግር አለ እንዴ ብላ ደነገጠች። የለም አለና ሰጣት። ሳህኑ ከግዞት ተመልሷል። ሳጅን «አንተም» የምትለዋን ጠብቃ ቆመች። አልመጣችም። ቀኝ እጁ ቁስሉ አፍ ላይ ደርሶ ተንጠልጥሎ ቆሟል፤ ግራው እትብቱን በቀስታ ወጠር አድርጎ ይዟል። ከጠረጴዛው ማዶ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ያለችው ቀንድ አውጣ በሩ ላይ ቆማ እጁን አየች።

«ተኛህ እንዴ?» አለው ትራስ ከራስጌ። «የማስተኛው እኔ ነኝ፣ ሥራዬን አትቀማኝ።»

«እየጠበቅኩት ነው» አለ መብረቅ።

ሳጅን ሳህኑን ይዛ ከአንዱ እግሯ ወደ ሌላው ተዛወረች። መብረቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ ጣሪያውን አየ፣ የእጁ ጣቶች አየር ላይ እንደ ፒያኖ ተጫዋች ተንቀሳቀሱ። ከዚያ እትብቱ ላላ ብሎ ረዘመ፣ ማህፀኑ ተኮማተረ፣ የእንግዴ ልጁም ማንም ውጣ ሳይለው፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ ወጣ።